በሬውን ገድሎ ገበሬውን የተወ በሽታ፦ ቫይረስ ሕዋስን እንዴት ይመርጣል፣ እንዴትስ ያዝዘዋል?

በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ ወደ ደቡብ ሲወርድ የወሎን ደጋና ቆላ አልለየም። ለጣሊያን ጦር ከባሕር ማዶ በተጫኑ ከብቶች እንደ መጣ በሰፊው ይታመናል። የታሪክ ጸሐፊዎች በሚሰጡት ግምት ከአገሪቱ ከብት ከ10ሩ 9ኙ ያህል አልቋል፤ በሬ ሲጠፋ ሞፈርና ቀንበር ተሰቀለ፣ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ታከለበት፣ እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውና ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሚያስታውሰው ረኃብም የአገሪቱን ሕዝብ ሲሶ ያህል ሳይፈጅ እንዳልቀረ ይነገራል። ይህን ሁሉ ጥፋት ያመጣው ቫይረስ ግን አንድም ሰው አላሳመመም። የታመመውን በሬ ያስታመመው፣ የሞተውን ቆዳ የገፈፈው፣ ረኃብ አስገድዶት ሥጋውን የበላው ገበሬ በዚያ በሽታ አልተያዘም፤ ሰውን የጨረሰው ጠኔውና ጠኔውን ተከትለው የገቡት ሌሎች ወረርሽኞች ነበሩ።

የዚህ ቫይረስ የቅርብ ዘመድ ኩፍኝ ነው። ኩፍኝ በተራው ሕፃናትን ይፈጃል እንጂ በዚያው ቤት የታሰረውን ጥጃ አይነካም። ሦስተኛው ዘመዳቸው በጎችንና ፍየሎችን የሚገድለው ደስታ መሰል በሽታ ሲሆን፣ አራተኛው ውሾችን ይይዛል። አንድ ቤተሰብ የሆኑ፣ በቅርጽም በአሠራርም የሚመሳሰሉ ቫይረሶች አንዱ በሬውን፣ ሌላው ልጁን፣ ሌላው ፍየሏን ለይቶ የሚመታው ለምንድን ነው? ጥያቄው ለቤተ ሙከራ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ዛሬ በደሴ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን የሚጠይቅ ሰው፣ በገጠር ውሻ የነከሰውን ልጅ «ቁስሉ ትንሽ ነው» ብሎ ቤት የሚያቆይ ወላጅ፣ ለታመመች ፍየል ኦክሲቴትራሳይክሊን ገዝቶ የሚያስወጋ አርቢ፣ ሁሉም ሳያውቁት የሚወስኑት በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ነው። ቫይረስ ራሱን ችሎ ምንም የማይሠራ ነገር በመሆኑ፣ በየትኛው ሕዋስ በኩል እንደሚገባና ከገባ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ካልታወቀ በስተቀር፣ በሽታውን መከላከልም ማከምም በአብዛኛው ግምት ይሆናል።

የቫይረስ መታወቅ ራሱ የጀመረው ሊታይ ባለመቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂን ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልሎ፣ የጠለለው ፈሳሽ ጤነኛውን ተክል እንደሚያሳምም አሳየ። በ1898 ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ይህ ነገር ተራ መርዝ ሳይሆን በሕያው ሕዋስ ውስጥ የሚራባ አዲስ ዓይነት ተላላፊ ነው ብሎ ተከራከረ። በዚያው ዓመት ጀርመናውያኑ ፍሪድሪኽ ሎፍለርና ፓውል ፍሮሽ የእንስሳት ቫይረስ መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያረጋገጡት በከብቶች የአፍና የእግር በሽታ፣ ማለትም አርሶ አደሩ «ማዝ» በሚለው በሽታ ላይ ነበር። የከብት ደስታም መንስኤ ማጣሪያ የሚያልፍ ተላላፊ መሆኑ በ1902 በኢስታንቡል ታወቀ፤ የወሎ ከብት ካለቀ ከ10 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። በክፉ ቀን ዘመን የነበረው ሰው የበሽታውን ምክንያት ባለማወቁ ከማንም ወደ ኋላ የቀረ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የሚያውቅ አልነበረምና።

ማጣሪያውን የሚያልፉት ከትንሽነታቸው የተነሣ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለአንድ ሚሊዮን ሲካፈል አንድ ናኖ ሜትር ይባላል፤ አብዛኞቹ ቫይረሶች ከ20 እስከ 300 ናኖ ሜትር ይሆናሉ። አንድ የተለመደ ባክቴሪያ ግን 1,000 ወይም 2,000 ናኖ ሜትር ይደርሳል። ከመጠኑ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የይዘቱ ማነስ ነው። የኩፍኝ ቫይረስ ሙሉ የዘር መረጃው ወደ 16,000 ፊደላት ብቻ ሲሆን፣ የሰው ልጅ ዘረ መል 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ይህ አጭር ጽሑፍ ዲ ኤን ኤ ወይም አር ኤን ኤ በተባለ ሞለኪውል ላይ የሰፈረ ነው፤ ዙሪያውን የፕሮቲን ቅርፊት ይሸፍነዋል፤ አንዳንዶቹ ቫይረሶች ከዚያም በላይ ከወጡበት ሕዋስ ገፈው የያዙት የስብ ልባስ አላቸው። ከዚህ ውጪ የሚጠቀስ ነገር የለም። ምግብ አይመገብም፣ አይተነፍስም፣ ኃይል አያመነጭም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዘር መረጃን አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም የተባለው ክፍል የለውም።

ሕዋስ ግን ሁሉም አለው። በኮምቦልቻ እንዳለው ዓይነት የጨርቅ ፋብሪካ ብናስብ፣ ሕዋሱ መኪናው፣ ክሩ፣ መብራቱና ሠራተኛው የተሟላለት ፋብሪካ ሲሆን፣ ቫይረሱ ትክክለኛ ማኅተም አስመስሎ የገባ አንድ የሥራ ትእዛዝ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ብቻውን አንድ ክንድ ጨርቅ አይሸምንም፤ ከሠራተኛው እጅ ከደረሰ ግን ፋብሪካው የራሱን ምርት አቁሞ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሲሠራ ይውላል፤ የተጻፈውም ያንኑ ወረቀት እያባዛችሁ ወደ ሌሎች ፋብሪካዎች ላኩ የሚል ነው። ቫይረስ ሕያው ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ከዚህ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካዊው ዌንደል ስታንሊ የትምባሆውን ቫይረስ እንደ ጨው በክሪስታል መልክ አድርቆ፣ እንደገና በውሃ ሲሟሟ በሽታ አምጪነቱ እንዳለ መሆኑን ሲያሳይ ክርክሩ ተጋጋለ፤ እስከ ዛሬም አልተዘጋም። በበኩሌ ክርክሩ ከሚገባው በላይ ቦታ የተሰጠው ይመስለኛል፤ ለታማሚውም ለሐኪሙም የሚጠቅመው ቫይረሱ ከሕዋስ ውጭ ምንም እንደማይሠራ፣ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን ሥራው ሁሉ በሕዋሱ መሣሪያ እንደሚከናወን ማወቁ ነው።

ታዲያ መግባቱ እንዴት ይሆናል? ቫይረስ እግርም ክንፍም የለውም፤ ወደ ሕዋስ የሚደርሰው በደም፣ በምራቅ፣ በትንፋሽ ጠብታ ወይም በንክኪ እየተንሳፈፈ ነው። የእያንዳንዱ ሕዋስ ገጽ ግን በልዩ ልዩ ፕሮቲኖችና ስኳሮች የተሞላ ነው። ተቀባይ የሚባሉት እነዚህ ነገሮች ለቫይረስ የተዘጋጁ አይደሉም፤ ሆርሞን ለመቀበል፣ ከጎረቤት ሕዋስ ጋር ለመያያዝ ወይም የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት እርስ በርስ እንዲተዋወቁ የተሠሩ ናቸው። ቫይረሱ በገጹ ላይ ያለው ፕሮቲን ከእነዚህ ከአንዱ ጋር በቅርጹ ከተገጣጠመ ይጣበቃል፤ ካልተገጣጠመ ነክቶት ያልፋል። የከብት ደስታ፣ የኩፍኝና የደስታ መሰል ቫይረሶች ሁሉም በዋናነት የሚፈልጉት ስላም የተባለውን፣ በበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ላይ የሚገኘውን ፕሮቲን ነው። በሬውም፣ ሰውም፣ ፍየሏም ስላም አላቸው፤ ነገር ግን የእያንዳንዳቸው በጥቂት ቦታ ይለያያል፤ እነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች የትኛው ቫይረስ በየትኛው እንስሳ እንደሚመቸው ለመወሰን ትልቅ ድርሻ አላቸው። መጣበቁ ብቻ ግን በቂ አይደለም። የተጣበቀው ቫይረስ ወደ ውስጥ ቢዘልቅ እንኳ ሕዋሱ ባዕድ አር ኤን ኤን ለይቶ ኢንተርፌሮን የተባለ የማንቂያ ፕሮቲን ይለቃል፤ ጎረቤት ሕዋሳትም ይጠነቀቃሉ። ቫይረሱ ይህን ማንቂያ ማፈን የሚችለው ለዘመናት በለመደው እንስሳ ሕዋስ ውስጥ ነው፤ በባዕድ እንስሳ ግን ብዙውን ጊዜ አይሳካለትም። ገበሬው ከበሬው በሽታ የተረፈው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች መደራረብ ሳይሆን አይቀርም።

መለያየቱ ለዘላለም የተቆረጠ አለመሆኑን ግን ኩፍኝ ራሱ ይመሰክራል። ተመራማሪዎች የዘር መረጃዎችን አነጻጽረው እንደ ደረሱበት፣ ኩፍኝ ከከብት ደስታ ቫይረስ ጋር አንድ ቅድመ አያት ያለው ሲሆን፣ ሰው ከብት አላምዶ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ከጀመረ በኋላ ወደ ሰው ዘልቆ የቀረ ነው። በደጋው ወሎ ሰውና ከብት በአንድ ቤት ማደራቸው እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ ይህ ታሪክ ለእኛ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይመስልም።

ኩፍኝ ከገባ በኋላ የሚያደርገውን በዝርዝር መከተል ይገባል፤ ምክንያቱም በወሎም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ስለ ኩፍኝ የሚነገረው ብዙ ነገር ከዚህ ጋር ሲተያይ ነው የሚጠራው። ቫይረሱ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ሲገባ መጀመሪያ የሚጣበቀው በሳንባው ውስጥ ጥበቃ ላይ ባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ላይ ነው። ከተጣበቀ በኋላ ሁለተኛው ፕሮቲኑ የቫይረሱን የስብ ልባስ ከሕዋሱ ልባስ ጋር ያዋህደዋል፤ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ የዘር መረጃው ወደ ውስጥ ይፈስሳል። የኩፍኝ አር ኤን ኤ የተጻፈው የሕዋሱ ራይቦዞም በቀጥታ ሊያነበው በማይችለው ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ፣ ቫይረሱ የሚገለብጥለትን አንድ ኢንዛይም ይዞ ይመጣል። ኢንዛይሙ ቅጂውን ያወጣል፤ ራይቦዞሞቹ ቅጂውን አንብበው የቫይረሱን ፕሮቲኖች ይሠራሉ፤ ፕሮቲኖቹና አዳዲሶቹ አር ኤን ኤዎች በሕዋሱ ዳር ተሰብስበው የሕዋሱን ልባስ እየለበሱ ይወጣሉ። የተያዘው ሕዋስ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጠባቂ ስለሆነ የያዘውን ባዕድ ነገር ለማሳወቅ ወደ ንፍፊት ይጓዛል፤ ቫይረሱም በጠባቂው ጀርባ ታዝሎ የመከላከያ ሕዋሳት ከሚሰበሰቡበት ዋና ሰፈር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በደም አማካይነት ወደ መላ ሰውነት ይሰራጫል፤ በመጨረሻም ኔክቲን 4 በተባለ ሌላ ተቀባይ በኩል ወደ መተንፈሻ አካል ገጽ ወጥቶ በሳልና በማስነጠስ ወደ ውጭ ይረጫል።

በልጁ ፊትና አካል ላይ የሚወጣው ሽፍታ የቫይረሱ ሳይሆን የሰውነት መልስ ነው፤ የመከላከያ ሕዋሳት በቫይረስ የተያዙ ሕዋሳትን ሲያጠፉ የሚታይ ምልክት ነው። ይህ ሲሆን ልጁ ከተያዘ ሁለት ሳምንት ያህል አልፎታል፤ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ባሉት አራት ቀናትም ሳያውቅ ሲያስተላልፍ ቆይቷል። ለዚህ ነው ሽፍታ ያየ ቤተሰብ ልጁን በጨለማ ክፍል ዘግቶ ቢያቆይ እንኳ ጎረቤት ከበሽታው የማይድነው። ያልተከተበ ሕዝብ ውስጥ አንድ የኩፍኝ ታማሚ በአማካይ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ቫይረሱም ታማሚው ከወጣ በኋላ በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ወዳጃ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ወይም በተፈናቃዮች መጠለያ ሰው ተጨናንቆ በሚቀመጥበት ጊዜ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለማስላት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ብዙ ወላጆች «ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ ከተወጋ ይሞታል» ብለው ሲያምኑ ይሰማል። ልጁን የሚገድለው መርፌው አይደለም፤ ነገር ግን አባባሉ የተነሣበት እውነተኛ ነገር ያለ ይመስላል። ኩፍኝ የሚያጠፋቸው ሕዋሳት ልጁ ከዚያ በፊት ስለ ታገላቸው በሽታዎች መረጃ የያዙትን የማስታወሻ ሕዋሳት ይጨምራሉ፤ ስለዚህ ሽፍታው ከጠፋ በኋላም ቢሆን ልጁ ለሳምንታትና ለወራት ለሌሎች በሽታዎች ይጋለጣል። አብዛኞቹ በኩፍኝ የሚሞቱ ልጆች የሚሞቱት በተከታይ በሚመጣ የሳንባ ምችና ተቅማጥ ነው። ዘግይቶ ሐኪም ዘንድ የደረሰና መርፌ የተወጋ ልጅ ሲሞት ጥፋቱ በመርፌው ላይ ቢላከክ አይደንቅም። ያ መርፌ ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ ሲሆን የሚሰጠውም ለኩፍኙ ሳይሆን ተከትሎ ለገባው ባክቴሪያ ነው፤ ከቫይታሚን ኤ ጋር ሆኖ ሕይወት ያተርፋል። በኢትዮጵያ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው ደግሞ በ15 ወር ይሰጣል። ሁለተኛው ክትባት በመደበኛ ፕሮግራም የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 በመሆኑ፣ በ9 ወር ያስከተቡና «ጨርሻለሁ» ብለው የቀሩ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ወረርሽኝ ለመግታት ደግሞ ከ100 ልጆች 95ቱ ሁለቱንም መውሰድ አለባቸው።

ሁሉም ቫይረስ እንደ ኩፍኝ መጥቶ የሚሄድ አይደለም። ኤች አይ ቪ ሲ ዲ 4 የተባለ ፕሮቲን ባለባቸው የመከላከያ ሕዋሳት ገብቶ፣ አር ኤን ኤውን ወደ ዲ ኤን ኤ ለውጦ ከሰውየው ዘረ መል መካከል ይሰካዋል፤ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ የሚወሰደውም ቫይረሱ መባዛት ሲያቆም ጽሑፉ ከሕዋሱ ስለማይፋቅ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በጉበት ሕዋስ እምብርት ውስጥ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ዲ ኤን ኤ ሆኖ ይቀመጣል፤ የዓይን መወየብ ሲታይ ሁሉንም «የወፍ በሽታ» ብሎ በቅጠል ማከም ጉዳት የሚያመጣውም ዓይኑ ቢጠራ እንኳ ቫይረሱ ጉበቱን ለዓመታት ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

ከሁሉም ይልቅ የመግቢያውን ነገር ግልጽ አድርጎ የሚያሳየው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቫይረሱ የያዘው ፕሮቲን አምስት ዓይነት ብቻ ነው። በውሻው ምራቅ ወደ ቁስሉ ሲገባ ደም ውስጥ አይሮጥም፤ ከኩፍኝ በተቃራኒ የመከላከያ ሕዋሳት ወደሚገኙበት አይሄድም። ነርቭ ጡንቻን በሚያዝዝበት መገናኛ ላይ ያሉትን ተቀባዮች ይዞ ወደ ነርቭ ጫፍ ይገባል። ነርቭ ከእግር ጣት እስከ አከርካሪ የሚዘረጋ ረጅም ሕዋስ በመሆኑ፣ በውስጡ ዕቃ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመላልስ የራሱ ማጓጓዣ አለው፤ ቫይረሱ በዚህ ላይ ተሳፍሮ በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ ወደ አንጎል ይወጣል። በዚህ ጉዞ ጊዜ ሕዋሱን ስለማይገድልና የሚያመርተውን ፕሮቲንም ስለሚቆጥብ ሰውነት መኖሩን አያውቅም። ሰውየው አይታመምም፣ ትኩሳት የለውም፣ ቁስሉም ድኗል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር፣ አልፎ አልፎ ከዓመት በላይ እንዲሁ ይቆያል፤ ፊቱን ወይም ራሱን የተነከሰ ልጅ ግን መንገዱ አጭር ስለሆነ ጊዜው ያንሳል። አንጎል ከደረሰ በኋላ ቫይረሱ ወደ ምራቅ ዕጢ ይወርዳል፤ ውሻው ሲቆጣና ሲናከስ ምራቁ ቀድሞ ተዘጋጅቷል። ታማሚው ውሃ ሲያይ የሚደነግጠውም ሊውጥ ሲል የጉሮሮው ጡንቻ በኃይል ስለሚኮማተር ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

ይህን የተረዳ ሰው ሁለት ነገር በቀላሉ ይገባዋል። የመጀመሪያው፣ ከተነከሱ በኋላ መከተብ የሚጠቅመው በዚህ ጉዞ ምክንያት ነው፤ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከተነከሰ በኋላ ከትቦ ሲያተርፈው የተጠቀመበት ይህንኑ ክፍተት ነበር። ክትባቱ ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ የመከላከያ ኃይል ማደራጀት ከቻለ ሰውየው ይድናል፤ ካልቀደመ የለም። ሁለተኛው ደግሞ ቫይረሱ ገና ከቁስሉ ሳይነቃነቅ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ነው። የዚህ ቫይረስ ውጫዊ ልባስ ስብ በመሆኑ ሳሙና ያፈርሰዋል፤ ልባሱ ሲፈርስ ከነርቩ ጋር የሚጣበቅበት ፕሮቲን አብሮ ይበተናል። ቁስሉ ላይ በርበሬ፣ አመድ ወይም ቅጠል መደፍደፍ ይህን አያደርግም፤ እንዲያውም ሥጋውን እያቆሰለ ጊዜ ያባክናል። በወሎ ጠበልም ዱዓም በሕመም ጊዜ የሰው መጽናኛ ናቸው፤ አንዱም ከጤና ጣቢያ የሚያስቀር ነገር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ቁስሉ ሲድን ነገሩ ያለቀ የሚመስላቸው «አብሽር፣ ዳነ እኮ» ሲሉ ነው። ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ሲሆን፣ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ ስርጭቱ ይቆማል፤ ይህም ሰውን ተራ በተራ ከተነከሰ በኋላ ከመከተብ እጅግ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ነው።

ሳሙና የሁሉም ቫይረስ ጠላት እንዳልሆነ ግን ማከል ያስፈልጋል። የስብ ልባስ የሌላቸው ቫይረሶች፣ ለምሳሌ ማዝን፣ የሕፃናትን የሮታ ተቅማጥና ፖሊዮን የሚያመጡት፣ በሳሙና አይፈርሱም። እጅ መታጠብ በእነዚህ ላይ የሚሠራው ውሃው ጠርጎ ስለሚወስዳቸው ነው፤ እጅን በጥቂት ውሃ ማርጠብና በሚወርድ ውሃ ማሸት አንድ ያልሆኑትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አሞክሳሲሊኑ እንመለስ። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ የሕዋሱን ግድግዳ እንዳይሠራ ያግዳል፤ ቴትራሳይክሊንና አዚትሮማይሲን ደግሞ የባክቴሪያን ራይቦዞም ያስቆማሉ። ቫይረስ ግድግዳም ራይቦዞምም የለውም፤ ስለዚህ እነዚህ መድኃኒቶች የሚመቱት ነገር አያገኙም። ጉንፋን የያዘው ሰው ወስዶ ቢሻለው ከሳምንት በኋላ ያለ መድኃኒትም ይሻለው ነበር፤ በመሃል ግን በሆዱና በጉሮሮው ያሉ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን መልመድ ይጀምራሉ፤ ነገ የሳንባ ምች ሲይዘው የሚያስፈልገው ያው መድኃኒት ነው። በሌላ በኩል በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ባክቴሪያ ስለሆነ በቴትራሳይክሊን ይድናል። የትራኮማ ነገር ደግሞ በተለይ ያስተምራል። በወሎ ብዙ ሰው ዓይኑን ያጣበት ይህ በሽታ በሕዋስ ውስጥ ካልሆነ በቀር አይራባም፤ በዚህም የተነሣ አምጪው ለረጅም ዘመን ቫይረስ ነው ተብሎ ነበር። ኋላ የራሱ ራይቦዞም ያለው ባክቴሪያ መሆኑ ታወቀ፤ በየቀበሌው ለሕዝቡ በጅምላ የታደለው አዚትሮማይሲን የሚሠራውም ለዚህ ነው። የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ማነስ ምክንያቱ ሳይንቲስቶች ስለ ተዘናጉ አይደለም፤ ቫይረሱ የሚሠራው በእኛ መሣሪያ ስለሆነ መሣሪያውን መምታት እኛን መምታት ይሆናል። ካሉት መድኃኒቶች አብዛኞቹ ቫይረሱ ብቻውን ያለውን አንድ ኢንዛይም ፈልገው የሚመቱ ናቸው፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ከእነዚህ ዋናዎቹ ናቸው።

ስለዚህ ፍየሏም ቢሆን በኦክሲቴትራሳይክሊን ከደስታ መሰል በሽታ አትድንም፤ የሚረዳት ካለ ተከትሎ ለመጣው የሳንባ ኢንፌክሽን ብቻ ነው። ለዚህ በሽታ ያለው መላ ክትባት ሲሆን፣ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። የከብት ደስታ ታሪክ እዚህ ላይ ተስፋ ይሰጣል። ያ ቫይረስ በዱር አራዊትም ውስጥ ቢዞር ከብት ከተከተበ ሊዘልቅ አልቻለም፤ አንድ ጊዜ የዳነ ወይም የተከተበ ከብት ዕድሜ ልኩን አይያዝም ነበር፤ ድኖ ቫይረሱን ተሸክሞ የሚቀር እንስሳም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከወሎ ቆላ በሚዋሰነው አፋር፣ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ከአርብቶ አደሩ መካከል በተመለመሉ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ተሰጥቶ በዚያ የቀረው በሽታ ጠፋ፤ በ2011 የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት የከብት ደስታ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

ደስታ መሰልንም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ዓለም አቀፍ ዕቅድ ተይዟል። የቫይረሶቹ ዝምድና በጣም ቅርብ ከመሆኑ የተነሣ ቀደም ሲል ፍየሎችን ለመከላከል የከብት ደስታ ክትባት ይሰጥ ነበር። የበግና የፍየል ጉዳይ ግን ከከብት ይከብዳል። በሬ በገበሬው ቤት ለዓመታት ይቆያል፤ ፍየል ግን በዓመትና በሁለት ዓመት ትሸጣለች ወይም ትታረዳለች፤ በየዓመቱ የሚወለዱት ግልገሎች ደግሞ ከእናታቸው ያገኙት መከላከያ በጥቂት ወራት ሲያልቅ ባዶ ይሆናሉ። ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ የደጋው በግና የቆላው ፍየል በአንድ ሜዳ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተጠጋግተው ውለው ማታ ወደየመንደሩ ይነዳሉ፤ ቫይረሱ ከዚህ የተሻለ መንገድ አይፈልግም። በአንድ ዓመት በዘመቻ ተከትቦ በሚቀጥለው የተተወ መንጋ ውስጥ ብዙዎቹ ያልተከተቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ክትባቱ ግልገሎቹ ለመከተብ በሚደርሱበት ወር ታስቦ፣ እንስሳቱ ለበዓል ገበያ መነዳት ከመጀመራቸው ከሳምንታት በፊት በየዓመቱ ካልተሰጠ፣ ዕቅዱ በወረቀት ላይ ይቀራል።